አራት ሰው የነካት ፒስተን

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በአንድ ቤት የኋላ ክፍል የሚሰበሰቡ አራት ሰዎች ነበሩ። የተጻፈ ደንብ አንድ ብቻ ነበራቸው። መምህሩ በተዋበው የእጅ ጽሕፈታቸው ጽፈው ከብረት መቅረጫው፣ ከቶርኖው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል፤ «ያልጠየቀህን ሰው ሥራ አትንካ» ይላል፤ ከሥሩ አራት ፊርማ አለበት። ያልተጻፈ ደንብም አንድ ነበራቸው፤ እሱም ማንም ማንንም እንደማይጠይቅ ነው። ሁለቱን ደንቦች አንድ ላይ ያየ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ መረዳዳት የሚባል ነገር ሊኖር እንደማይችል ይገባዋል። ነበር ግን፤ እንደ ሌባ ተደብቆ ነበር እንጂ።

ሥራቸው ምንድን ነው ለሚል፣ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ትንንሽ ሞተር ይሠራሉ። መጫወቻ ነው ያለ ሰው ከመምህሩ ጋር ይጣላል። እውነተኛ የእንፋሎት ሞተር ነው፤ ውኃ ይጠጣል፣ ያፈላል፣ ይተነፍሳል፣ መዘውሩን ያዞራል፤ ቁመቱ ብቻ ከጉልበት አይበልጥም። ጥቅሙ ምንድን ነው ብላ የጠየቀች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የቤቱ እመቤት።

«ይሄ ነገር ሲያልቅ ምን ይሠራል?» አለችው ባሏን፣ ሥራውን በጀመረ ሰሞን።

«ይዞራል።»

«ዞሮስ?»

«ይዞራላ።»

ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ዓመት አልጠየቀችውም።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ጓደኞቹ «ምላጭ» ይሉታል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በሰው ጉሮሮ ላይ ስለት ይዞ ቆሞ አንዲት ጠብታ ደም አላፈሰሰም ብለው ነው ስሙን ያወጡለት፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ከአራቱ ታናሹ ጥርስ ሐኪም ነው፤ በሥራ ቀን የሰው አፍ ሲቆፍር ይውላል፣ ቅዳሜ ነሐስ ይቆፍራል፤ ነሐስ አይጮህም ይላል። መምህሩ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አይወርድም፣ አንዴ ያሰሉትን ነገር እንደገና መለካት ስድብ ይመስላቸዋል። አራተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሃያ ስምንት ዓመት ነድቶ ማንንም ሳይገጭ ጡረታ የወጣ፣ ምክሩ ሁሉ «ቀስ» የሆነ ሰው፤ ቅጽል ስሙ «ፍሬን» ነው። ፍሬን በመለኪያ መሣሪያ አያምንም። «መዳፌ ያውቀዋል» ይላል።

በፊት አምስት ነበሩ። አምስተኛው ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ እጁ የተባረከ፣ ልቡ ንጹሕ፣ አፉ ግን የማያርፍ። አንድ ቅዳሜ መምህሩ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጣ ሲሉ፣ አምስት ወር የታገሉትን መዘውር አንስቶ በሁለት ደቂቃ አቃናውና፣ ሲመለሱ «መምህር፣ ያንን መዘውርዎን ገላገልኩዎት» አላቸው። መምህሩ መዘውሩን አገላብጠው አዩት። ተቃንቷል። መስኮቱን ከፍተው ወረወሩት። ቧንቧ ሠራተኛው በበኩሉ በበሩ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣ። ደንቡ የተጻፈው በማግስቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ውስጥ ነገሮች በራሳቸው መዳን ጀመሩ። የፍሬን ውኃ ማፍያ ቦይለር ሦስት ወር ሲያፈስ ከርሞ አንድ ቅዳሜ ደርቆ ተገኘ። ፍሬን በጣቱ ዳሰሰው፤ አዲስ ብየዳ አለበት። «ብረት ሲያርፍ ይድናል» አለ። ሌሎቹም ብረት ዕረፍት እንደሚወድ መሰከሩ። የመምህሩ የተጣመመ ዘንግ ቀጥ ብሎ የተገኘ ጊዜ፣ መምህሩ ነገሩ የአየር ጠባይ ለውጥ መሆኑን በወረቀት አስልተው አሳዩ፤ ዘንጉን ያቃናው ጥርስ ሐኪም ስሌቱን ተመልክቶ «እውነትዎን ነው» አላቸው። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት እንደዚህ ነበር የተዋደዱት፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው እየዋሹ።

ነገሩን ያበላሸው ዩኒፎርም ነው። የምላጭ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። በዚያ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት የሦስት መቶ ተማሪ ዩኒፎርም አዘዛት። እስከዚያ ድረስ ጨርቅ የምትቆርጠው አልጋ ላይ ነበር፤ ምላጭም ስፒል ላይ መተኛት ለምዷል። ሦስት መቶ ዩኒፎርም ግን አልጋ ላይ አይቆረጥም።

አንድ ቅዳሜ አራቱም በተቀመጡበት ገባችና «አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ» አለችው። «አሁን ክፍሉን እፈልገዋለሁ። የመቁረጫ ጠረጴዛ ላስገባ ነው።»

«ኧረ ሊያልቅ እኮ ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሊያልቅ ነው።»

ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ለምኗት፣ ተለማምጧት ያልፍ ነበር። ሰው ፊት ስለሆነ ግን ሞቅ አለው። «የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ይዞራል» አለ። «ያውም በገዛ እጄ፣ ማንም ሳይነካው። ካልዞረ፣ ወይም የሌላ ሰው እጅ ከገባበት፣ ክፍሉ ያንቺ ነው።»

«ሰምታችኋል?» አለቻቸው ሦስቱን። ሦስቱ ምስክሮች ጫማቸውን አዩ።

ክፍሏ ከሄደች የሚሰበሰቡበት የላቸውም። ጥርስ ሐኪሙ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ መምህሩ ልጃቸው ጋ ተጠግተዋል፤ የፍሬን ቤት ደግሞ ራሱ ፍሬንም በወጉ አይበቃው። ለምላጭ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ሱቁን ከዘጋ ወዲህ፣ በሩን አንኳኩቶ እሱን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ያለው ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ደግሞስ «በገዛ እጄ» ያለው የትኛውን እጁን ነው? ቀኝ እጁ ከሁለት ዓመት ተኩል ወዲህ ይንቀጠቀጣል። ሱቁን ሲዘጋ ለሰው ሁሉ «መቆም ሰለቸኝ» ነው ያለው። እውነቱ ሌላ ነው። አንድ ጠዋት የደንበኛ ጆሮ በመቀስ ጫፍ ነካ። ትንሽ ደም ናት፤ በጥጥ ተይዛ የቆመች። ደንበኛው «ምንም አይደል» አለ፣ መስታወት አየ፣ አመስግኖ ወጣ፤ ሃያ ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ላይ ግን ዳግመኛ አልተቀመጠም። ምላጭ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ሆድ ይፍጀው አለና ቁልፉን አዞረ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁ ወይ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ወይ መፍቻ ጨብጧል። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዝና «ብርድ ነው» ይላል፤ በበጋም ብርድ ነው። ያወቀበት ሰው ያለ አልመሰለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እጅም ሳይሆን አይቀርም።

ከሞተሩ የቀረችው ፒስተኗ ብቻ ነበረች። ፒስተን ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ ላይና ታች የምትመላለሰው የነሐስ ቁራጭ ናት፤ ከወፈረች ትቀረቀራለች፣ ከቀጠነች እንፋሎቱ በጎኗ ሾልኮ ይሄዳል። ምላጭ ሲሊንደሩንም ፒስተኗንም ቶርኖው ላይ ነው ያወጣቸው፤ ቶርኖ የያዘውን አጥብቆ ይይዛል፣ የሰው እጅ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለውም። የመጨረሻው ማለስለስ ግን በእጅ ነው፣ በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት። ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ሞከራት። ግማሽ ድረስ ገባችና ቀጥ አለች።

«በምን ያህል ወፍራ ነው?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«በፀጉር» አለ ፍሬን።

«የማን ፀጉር?» አለ ምላጭ፤ በዚህ ጉዳይ ሊቁ እሱ ነው። «የሕፃን ነው የጎረምሳ?»

መምህሩ ለኩ፣ አሰሉ፣ ጻፉ። «የፀጉር ሲሶ» አሉ። «የአማካይ ሰው ፀጉር።»

«በቃ፣ ለቅዳሜ እጨርሳታለሁ» አለ ምላጭ። ፒስተኗን እየታገለ አወጣትና በመሐረብ ጠቅልሎ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ ሳምንቱን ሙሉ ይዟት ሊዞር ነው። ሲሊንደሩ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ እንደታሰረ ቀረ። ሦስቱም ጓደኞቹ መሐረቡን ሲጠቀልል እጁን አዩ። እርስ በርሳቸው ግን አልተያዩም፤ ጥፋቱም ይኸው ነው።

ሰኞ ጥርስ ሐኪሙ መጣ። በሩን የከፈተችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

«እትዬ፣ ቅዳሜ መነጽሬን ረስቼ ሄጄ ነበር።»

መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። አየችው። «ግባና ፈልግ» አለችው።

ገባ። ፒስተኗ የለችም፤ ሲሊንደሩ ግን አለ። የጠበበ ጫማ እግርን በመሞረድም፣ ጫማውን በመወጠርም ይገባል ብሎ አሰበና፣ ጥርስ የሚያለሰልስበትን መሣሪያ ከቦርሳው አውጥቶ የሲሊንደሩን ውስጥ የፀጉር ሲሶ አሰፋው። አራት ደቂቃ አልፈጀበትም። «አገኘኸው?» አለችው ሲወጣ። «አገኘሁት እትዬ፣ ይመስገን» አላት፤ መነጽሩ አሁንም ግንባሩ ላይ ነበር።

ረቡዕ መምህሩ መጡ፣ መጽሐፍ ሊዋሱ። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው መጽሐፍ አሮጌ የስልክ ማውጫ ብቻ ነበር። «የትኛውን መጽሐፍ ነው መምህር?» ስትላቸው «ግድ የለም፣ የተገኘውን» አሉ። የፀጉር ሲሶ ለማስፋት ሲሊንደሩ ስንት ጊዜ መወልወል እንዳለበት ቤታቸው አስልተው ነው የመጡት፤ አርባ አራት ጊዜ። በዱላ ላይ በጠቀለሉት የብርጭቆ ወረቀት አርባ አራት ቆጥረው ወለወሉ፤ አርባ አምስተኛ አልጨመሩም። ደግመው መለካት ያሻል ወይ? ቅዳሜ ለክተዋል። የስልክ ማውጫውን በብብታቸው ይዘው ሄዱ።

ሐሙስ ፍሬን ምላጭን ሻይ ጋበዘው። ምላጭ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቀለ። ብርጭቆ በሁለት እጁ ሲያነሳ ዓይኑ ከብርጭቆው እንደማይነቀል ፍሬን ያውቃል፤ በመጀመሪያው ፉት ፒስተኗን ከኮቱ ኪስ አወጣትና መጸዳጃ ቤት ገባ። መዳፉ «በቃ» እስኪለው ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሻት በር ላይ ሦስት ሰው ተሰለፈበት። ሲመለስ ሌላ ሻይ አዘዘ፣ በሁለተኛው ፉት መለሳት።

«ሆድህን ነው?» አለው ምላጭ አዝኖለት።

«ሆዴን ነው» አለ ፍሬን።

ዓርብ ጠዋት ደግሞ ሚስቱ ጨርቅ ልትገዛ ስትወጣ ምላጭ በሩን ዘጋ። የድሮ ሽርጡን አወጣ፤ በማሰሪያው ቀኝ አንጓውን ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰረው። በታሰረው እጁ ወረቀቱን ጨብጦ፣ በግራው ፒስተኗን እያዞረ፣ ትንፋሹን ውጦ አሻት። ላቡ አፍንጫው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሲጨርስ ማሰሪያውን በጥርሱ ፈታና ፒስተኗን ሲሊንደሩ አፍ ድረስ አደረሳት። እዚያ ላይ ፈራ። ብትቀረቀርስ? ሞክሯት ከተቀረቀረች ክፍሉ የሄደው ዛሬ ነው፤ ካልሞከራት ግን እስከ ነገ ድረስ የሱ ነው። መልሶ በመሐረብ ጠቀለላት።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላሉ። ስለ አራት ግን ተረቱ ምንም አይልም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ተገኙ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ የስፒል ትራሷን አንጓዋ ላይ አስራ፣ ወንበር ይዛ ገባች። የሦስቱ ጓደኞች ፊት ለማንም ሳይናገር ምጽዋት ሰጥቶ እንደተመለሰ ሰው በርቷል። ምላጭ ብቻ ፊቱ አመድ መስሏል። ፒስተኗን በግራ እጁ አወጣት፣ ሞርሳው ላይ የታሰረው ሲሊንደር አፍ ላይ አኖራት፣ ለቀቃት።

ጉድጓድ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ ወረደች። በላይ ገብታ በታች ወጣች፣ ወለሉን መታች፣ ተንከባለለች፣ ልብስ ሰፊዋ እግር ሥር ስትደርስ ቆመች።

ምላጭ ሽርጡን አሰበ፤ አብዝቼ አሸኋት፣ በገዛ እጄ ገደልኳት አለ በልቡ። ሌሎቹ በልባቸው ምን እንዳሉ ግን ወዲያው ተሰማ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ፤ አራቱም፣ በአንድ አፍ።

ከዚያ ተያዩ።

«እንዴት ያንተ ይሆናል?» አሉ መምህሩ ጥርስ ሐኪሙን።

«ሰኞ መጥቼ ሲሊንደሩን ትንሽ አስፍቼው ነበር።»

«ሰኞ? እኔ ረቡዕ ያሰፋሁት እኮ በቅዳሜው ልክ ነው። ማን ልኩን ቀይር አለህ?»

«እርስዎንስ ማን አስፉ አለዎት?»

«ኧረ ቀስ» አለ ፍሬን። «እኔም ሐሙስ ፒስተኗን ዳሰስ አድርጌያታለሁ።»

«ሆዴን ነው አላልከኝም?» አለ ምላጭ።

«ሆዴማ ደህና ነው።»

ምላጭም የዓርቡን ተናገረ፤ ሽርጡን ግን አላነሳም። መምህሩ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ሰኞ ሲሶ፣ ረቡዕ ሲሶ፣ ሐሙስ በመዳፍ ግምት ሲሶ፣ ዓርብ ሲሶ። የሚያስፈልገው አንድ ሲሶ ብቻ ነበር። ሦስት ሲሶ ትርፍ፣ ድፍን አንድ ፀጉር። ካሊፐሩን አንስተው ክፍተቱን ለኩና ፊታቸው በራ። «ቁልጭ ብሎ መጣ» አሉ። «አንድ ፀጉር፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ።» ከሳቸው በቀር ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

«ማን ጠየቃችሁ?» አለ ምላጭ። ድምፁ ከፍ ብሏል። «ይሄ ምን ይላል? እኔ ማናችሁን ጠየቅኩ?» ወደ ግድግዳው፣ ወደ ደንቡ አመለከተ። ያመለከተው በቀኝ እጁ ነው። ከኪሱ ማውጣቱን ያወቀው፣ ሦስቱም ደንቡን ትተው እጁን ሲያዩ ነበር። ጣቱ ከፊርማዎቹ ፊት ለፊት አየር ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ለዚህ ነው» አለ ፍሬን፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ።

ምላጭ እጁን ሊመልስ ፈለገ፤ ኪሱ ግን ጠፋበት። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?» አለ።

«እኔ ሐኪም ነኝ እኮ» አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ» አሉ መምህሩ። «ቀኑን ጽፌዋለሁ።»

«በበጋ ብርድ ነው ያልክ ጊዜ ነዋ» አለ ፍሬን።

ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ፒስተኗን ከእግሯ ሥር አንስታ እያገላበጠቻት ነበር። «ክር ማስገባት የተውክልኝ ጊዜ» አለችው ቀና ሳትል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌዋ ላይ ክር የሚያስገባላት እሱ ነበር፤ አንድ ቀን ዓይኔን ደከመኝ ብሎ ተወ። «ዓይንህስ ደህና ነው። መንገድ ማዶ የሚሄደውን ሰው ፀጉር ማን እንዳበላሸው የምትለይ ሰውዬ ነህ።»

አፈረ። ከዚያ ደግሞ ሐፍረቱ ሳያልቅ ድካም መጣበት፤ ሁለት ዓመት ተኩል ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ወጥቶ፣ ቤቱ ባዶ እንደነበር የተነገረው ሰው ዓይነት ድካም። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «እንግዲህ ክፍሉ ያንቺ ነው» አላት። «አልዞረም፤ የሰው እጅም ገብቶበታል።»

ጥፍሯን በፒስተኗ ወገብ ላይ እያዞረች «ይቺ ስርጉድ ያለችው ምንድን ናት?» አለች።

«የዘይት ቦይ ናት እትዬ» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«ሰፋባችሁ ማለት ነው አይደል? ልብስ የሰፋ እንደሆነ እጥለዋለሁ እንዴ?» ከሽርጧ ኪስ ወፍራም የጥጥ ክር አወጣች። «ቦይዋን በዚህ ሙሏትና ዘይት አጠጧት። ክር ሲረጥብ ያብጣል።»

«ብረትን በክር?» አሉ መምህሩ፤ ግን ሳይጨርሱት አፋቸው ክፍት ቀረ። ትልልቆቹ የድሮ ሞተሮችም ፒስተናቸው የሚታሸገው በገመድ እንደነበር ትዝ አላቸው። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ መለሱ። «ይሆናል» አሉ። ያቺን ቃል ከሳቸው አፍ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ፒስተኗንና ክሩን ለባሏ ሰጠችው። አንዱ እጅ ፒስተኗን ይይዛል፣ ሌላው ክሩን ይጠመጥማል፤ ሁለቱም ቀጥ ማለት አለባቸው። ሞከረ። ክሩ አመለጠው። ደገመ፤ አመለጠው። ሦስቱ ጓደኞቹ እንደ ልማዳቸው አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ መስኮቱን፣ አንዱ ቶርኖውን ማየት ጀመሩ።

«ያዙልኝ» አለ ምላጭ።

አልተንቀሳቀሱም። በዚያ ክፍል ውስጥ ያ ቃል ተብሎ ስለማያውቅ ለማን እንደተባለ አልገባቸውም።

«ፒስተኗን ያዙልኝ እንጂ። እየጠየቅኳችሁ ነው እኮ።»

ሦስት እጅ ባንዴ ተዘረጋ፣ ተጋጨ፤ ፒስተኗ ለሁለተኛ ጊዜ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «አንድ ሰው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ጥርስ ሐኪሙ ያዘ፣ ፍሬን ክሩን ወጠረ፣ መምህሩ ዙሩን ቆጠሩ፣ ምላጭ በአውራ ጣቱ ክሩን እየተጫነ አስቀመጠ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዘይቱም ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ የደበቀው ግን አልነበረም።

ሞተሩን ገጣጥመው ከቦይለሩ ሥር እሳት ለኮሱ። ውኃው አጉረመረመ። መዘውሩ ትንሽ ነቅነቅ አለና ወደ ኋላ ተመለሰ። «ቀስ» አለው ፍሬን፤ ያን ጊዜ ዞረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ መቁጠር እስኪያቅት። አምስቱም አዩት። ጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ይዞራል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ይዞራል» አለ ምላጭ። ዞሮስ አላለችም።

ውኃው አልቆ መዘውሩ ሲቆም ግን ተነሳችና ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ትለካ ጀመር።

«ኧረ እትዬ፣ ዞረ እኮ» አለ ፍሬን።

«ዞሯል። የስንት ሰው እጅ ገባበት?»

መምህሩ ሊቆጥሩ እርሳሳቸውን ነኩና ተዉት። «ቃል ቃል ነው» አለ ምላጭ፤ ሜትሩንም በአንድ ጫፍ ያዘላት።

በሳምንቱ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ሦስቱ መጡ፤ ሌላ የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ነው የመጡት። የመቁረጫው ጠረጴዛ ክፍሉን ሞልቶታል። ቶርኖው ጥግ ተገፍቷል፣ ሞተሩም መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። ዘግይቶ እንደ መጣ ተማሪ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን ትገተራላችሁ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሦስት መቶ ነው። ግቡና አግዙኝ፤ ጠይቄያችኋለሁ።»

ጥርስ ሐኪሙን ማጉያ መነጽሩን አስደርጋ መርፌው ሁሉ ላይ ክር እንዲያስገባ አስቀመጠችው። ለመምህሩ ጠመኔ ሰጠቻቸው፤ ጠመኔ ከያዙ ዓመታት አልፏቸው ነበርና ትንሽ አሽተው አዩት፣ ከዚያ የእጅጌና የአንገት ልክ እያሰሉ ጨርቅ ላይ ማስመር ያዙ። ፍሬን የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ተቀመጠ፤ በሰዓት ስንት እጅጌ እንደሚጨርስ አልተጠየቀም፣ ቢጠየቅም መልሱ ይታወቃል።

ለምላጭ ትልቁን መቀስ አቀበለችው።

«እኔ እንኳ ይቅርብኝ» አለ ዝቅ ብሎ።

«ይሄ እንደ ፀጉር መቀስ አየር ላይ አይሠራም» አለችው። «የታችኛው ስለት ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ክንድህንም አሳርፈው።»

አሳረፈው። እንጨቱ ክንዱን ተቀበለው፤ መንቀጥቀጡ ሙሉ በሙሉ አልቆመም፣ ግን በረደ። መቀሱን ከፈተና የመምህሩ መስመር ላይ አደረሰው። እዚያ ላይ ቆመ። ያ ጠዋት፣ ያ ጥጥ፣ ያ «ምንም አይደል» ዓይኑ ላይ መጣ። ጓደኞቹ ሥራቸውን ይዘዋል፤ እሷ ብቻ አጠገቡ ጎንበስ አለች።

«ቁረጥ እንጂ» አለችው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ጨርቅ ጆሮ የለውም።»

ቀና ብሎ አያት። እሷ ስፒል እየለቀመች ነበር። መቀሱን ገፋ፤ ጨርቁም በመስመሩ ላይ ተከፈለ።